ፍራሽ መቼ ይቀየራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፍራሽ ዕድሜ፣ አያያዝና አቀያየር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

አንድ ፍራሽ ስንት ዓመት ያገለግላል?

እንደ ዓይነቱና እንደ ጥራቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት። ቀለል ያለ ርካሽ ስፖንጅ አዋቂ ሰው በየቀኑ ከተኛበት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሃሉ ይጎደጉዳል። ጥሩ ዴንሲቲ (የስፖንጁ ክብደት ከመጠኑ አንጻር፤ ከታች ተብራርቷል) ያለው ስፖንጅ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይሄዳል። ስፕሪንግ ፍራሽ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራው ላቴክስ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይዘልቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው። “ፍራሽ በ8 ዓመት መቀየር አለበት” የሚለውን አዘውትረው የሚናገሩት ደግሞ ፍራሽ ሻጮች ናቸው። ስለዚህ ዓመቱን እንደ ማስታወሻ ይያዙት እንጂ እንደ ሕግ አይዩት። ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎች የሚተኙበት ፍራሽ በ5 ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። በዓመት ጥቂት ቀን እንግዳ የሚያድርበት ፍራሽ ግን 12 ዓመት ሞልቶትም ደህና ሊሆን ይችላል። የሚወስነው የፍራሹ አቋምና እርስዎ ጠዋት ሲነሱ የሚሰማዎት ነው።

የጥጥ ፍራሽስ?

የጥጥ ፍራሽ የሚቆየው በእድሳት ነው። ጥጡ ሲረገጥና ሲጓጉል ልብሱ ይፈታል፣ ጥጡ ይወጣል፣ ይበተናል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ይነደፋል። ልብሱም ታጥቦ ተመልሶ ይሰፋል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ እንዲህ የሚታደስ የጥጥ ፍራሽ ከብዙ ስፖንጅ በላይ ይኖራል። ሲሰፋ ግን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ክር በየቦታው መያዝ አለበት። ካልተያዘ ጥጡ ወደ ዳር ይሸሽና መሃሉ ባዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እድሳት አያድነውም። ውሃ ወይም ሽንት ገብቶበት የሻገተ ጥጥ ሽታው አይለቅም። እሱን ቢነድፉትም የሻጋታውን ብናኝ ወደ ሳንባዎ ከማስገባት በቀር ትርፍ የለውም። ይጣል።

ፍራሼ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያ ሰውነትዎን ይጠይቁ። ጠዋት ሲነሱ ወገብዎ ወይም ትከሻዎ ተይዞ፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ግን ይለቅዎታል? ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል ሲያድሩ ከቤትዎ የተሻለ ይተኛሉ? ሁለት ሆናችሁ ስትተኙ ተንሸራታችሁ መሃል ላይ ትገናኛላችሁ? የአልጋው ርብራብ ጎንዎን ይቆረቁርዎታል? ከእነዚህ ሁለቱ ከታዩ ነገሩ ከፍራሹ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚያ ፍራሹን ይዩት። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ያንሱ። ቀጥ ያለ የመጥረጊያ እንጨት ከዳር እስከ ዳር በፍራሹ ላይ ያጋድሙ። እንጨቱ ካልደረሰ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥረው ይያዙ። ሰው በሚተኛበት ቦታ በእንጨቱና በፍራሹ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። ማንም ሳይተኛበት ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጎደጎደ ፍራሹ ሥራውን ትቷል። ሰው ሲተኛበት ጉድጓዱ ከዚያም ይብሳል።

ስፖንጅ ከሆነ ዚፑን ከፈት አድርገው ውስጡን በጣትዎ ፈተግ ያድርጉት። (ከውጭ አገር የመጣ ሜሞሪ ፎም፣ ማለትም ተጭነው ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ስፖንጅ ከሆነ ግን ከመክፈትዎ በፊት ከታች ስለ ዚፕ የተጻፈውን ያንብቡ።) እየተፈረፈረ ዱቄት የሚያራግፍ ስፖንጅ ዕድሜው አብቅቷል። ቢጫ መሆኑ ብቻውን አያስደነግጥ። ስፖንጅ አየርና ብርሃን ሲያገኘው በተፈጥሮው ይበልዛል።

ዴንሲቲ የሚሉት ነገር ምንድነው? ጠንካራ ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ዴንሲቲው 16 ከሆነ ቀላል፣ 25 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ደህና የሚባል ነው። ጥንካሬ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዴንሲቲው ዝቅ ያለ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ጠንካራ ሊመስል ይችላል። ያ ጥንካሬ ግን ጥቂት ወራት ከተኙበት በኋላ ይጠፋል። ዴንሲቲው ከፍ ያለ ሆኖ ለስለስ የሚል ስፖንጅም አለ። እሱ ልስላሴውን እንደያዘ ዓመታት ይቆያል።

ሻጩ የነገረዎትን በሚዛን ማጣራት ይችላሉ። ሜትር ከሃያ ስፋት፣ ሜትር ከዘጠና ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፍራሽ እንውሰድ። 1.20 በ1.90 በ0.20 ሲባዛ 0.456 ሜትር ኩብ ይመጣል። ዴንሲቲው በእርግጥ 25 ከሆነ ስፖንጁ ወደ 11 ኪሎ ተኩል ሊመዝን ይገባል። 7 ኪሎ አካባቢ ከመጣ በእጅዎ ያለው 16 ነው። መጋዘን ባለበት ሱቅ ሁሉ ሚዛን አይጠፋም፤ ይመዘንልኝ ማለት ነውር የለውም።

ሚዛኑም ፍጹም ዳኛ አይደለም። አንዳንድ ስፖንጅ ክብደቱ እንዲጨምር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይደባለቅበታል። እንዲህ ያለው ከጥግ ቆንጠር ሲያደርጉት ቶሎ ይቆረሳል፣ ተጭነው ሲለቁትም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ጥሩ ስፖንጅ ግን እጅዎን ሲያነሱ ወዲያው ይመለሳል። ሜሞሪ ፎም ብቻ ነው ቀስ ማለት የተፈቀደለት።

ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ልተወው ወይስ ላውጣው?

ያውጡት። “እንዳይቆሽሽ” ተብሎ ላስቲኩ ላይ አንሶላ ሲነጠፍ በብዙ ቤት ይታያል። የታሰበው ለፍራሹ ነው፣ የሚጎዳው ግን ፍራሹ ነው። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያልበዋል። ላቡ መውጫ ሲያጣ በላስቲኩና በጨርቁ መካከል ተጠራቅሞ እርጥበት ይፈጥራል፣ ይሸታል፣ ቆይቶም ይሻግታል። በዚያ ላይ ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ ይንኮሻኮሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

መከላከያ ከፈለጉ አየር የሚያስወጣ፣ የሚታጠብ የፍራሽ ልብስ ያልብሱት። ለሕፃንና ሽንት ለማይቆጣጠር ሰው ደግሞ ላዩ ጨርቅ፣ ታቹ ውሃ የማያስገባ የሆነው ልብስ አለ። ከሱ ላይ አንሶላ ይነጠፋል።

ማገላበጥ ያስፈልጋል?

ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት የሆነ ስፖንጅና የጥጥ ፍራሽ በየሦስት ወሩ ይገለበጥ። የራስጌው ወደ ግርጌ፣ የላዩ ወደ ታች። አንድ ፊት ብቻ ያለው፣ ለምሳሌ ከላይ ለስላሳ ንጣፍ የተሰፋለት ስፕሪንግ ወይም ሜሞሪ ፎም ከሆነ ግን አይገልብጡት። ራስጌና ግርጌውን ብቻ ይለዋውጡ። መጀመሪያውኑ ቀጭንና ቀላል የሆነን ስፖንጅ ማገላበጥ አያድነውም፣ ትንሽ ጊዜ ይገዛለታል።

ፀሐይ ላይ ማስጣት ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ በልክ ከሆነ። የእናቶቻችን ልማድ ትክክል ነበር። ፀሐይና ነፋስ እርጥበትን ያወጣሉ፣ ሽታን ያቀላሉ። በዓይን የማይታዩት የአቧራ ተባዮችም የሚባዙት እርጥበት ሲያገኙ ነው፣ ደረቅ ነገር አይመቻቸውም። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስፖንጅ ግን የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ሲመታው ይበላሻል። ይበልዛል፣ ከላይ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ልብሱን ሳያወልቁ ያስጡት። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ማስጣት በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ረስቶ መዋል ጥቅሙን ወደ ጉዳት ይለውጠዋል። በክረምት ፀሐይ ካጡ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፈው ያቁሙትና መስኮት ይክፈቱ። ያም ይሠራል።

ፍራሹን ሲሚንቶ ላይ አንጥፌ ነው የምተኛው። ችግር አለው?

አለው፣ በተለይ በክረምት። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። ከሰውነትዎ የወረደው ሙቀትና ላብ ቀዝቃዛው ወለል ጋ ሲደርስ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሳይነሳ የቆየ ፍራሽ ሥሩ ሲገለጥ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሻጋታ ነው። ሳልና የአፍንጫ መዘጋትን ያባብሳል፣ አስም ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው።

አልጋ መግዛት ካልቻሉ ከሥሩ አየር የሚያስገባ ነገር ያድርጉለት። የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ፣ ካልሆነ ደረቅ ሰሌን ያንጥፉበት። ትልቁ መፍትሔ ግን ነፃ ነው። በየጠዋቱ ፍራሹን አንስተው ግድግዳ ላይ ያቁሙት። ሻጋታው ጨርቁን አልፎ ወደ ስፖንጁ ከገባ ግን ማጠብም ማስጣትም ዋጋ የለውም፣ ዓመቱ ምንም ይሁን ይቀየር።

አዲስ ፍራሽ ገዝቼ በወራት ውስጥ ጎደጎደ። ፍራሹ ነው ወይስ አልጋው?

መጀመሪያ አልጋውን ይመርምሩ። የሽቦ አልጋ ሽቦው ሲረግብ የትኛውም ፍራሽ ላዩ ላይ ይሰምጣል። ድሮ የጠፍር አልጋ ሲላላ ጠፍሩ ይወጠር ነበር። የዛሬውን የሽቦ አልጋ ግን ማንም አያስታውሰውም። የእንጨት ከሆነ በርብራቡ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ7 ወይም ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ስፖንጁ በየክፍተቱ እየገባ ይቆረጣል። ለባለ ሜትር ከሃምሳና ለባለ ሜትር ከሰማንያ አልጋ ደግሞ መሃል ላይ እግር ያለው ድጋፍ ግድ ነው።

ለማረጋገጥ ፍራሹን ለሁለት ቀን ደረቅ ወለል ላይ አውርደው ይተኙበት። እዚያ ላይ ተስተካክሎ ከተገኘ ጥፋቱ የአልጋው ነው። አናጺ ጠርቶ ጣውላ ማስጨመር ከአዲስ ፍራሽ በጣም ይረክሳል። ፍራሹ ወለል ላይም ከጎደጎደ ወደ ገዙበት ሱቅ ይመለሱ።

አሮጌው ላይ ሌላ ስፖንጅ ብደርብስ?

ፍራሹ ጠንከር ብሎ ካስቸገረዎት መደረብ ጥሩ ነው። ጎድጉዶ ከሆነ ግን የሚደረበውም ያንኑ ጉድጓድ ተከትሎ ይሰምጣል። ሁለት ፍራሽ ገዝተው አንድም ደህና መኝታ አያገኙም።

ወገቤን ያመኛል። ጠንካራ ፍራሽ ይሻላል ይባላል፣ እውነት ነው?

“ወገብህን ካመመህ ጣውላ ላይ ተኛ” የሚለው ምክር ዛሬም አልጠፋም። ጥናት ግን አይደግፈውም። በስፔን ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ተከፍለው ግማሾቹ ጠንካራ፣ ግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። ከ90 ቀን በኋላ ሲታይ የበለጠ የተሻላቸው በመካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣውላ ላይ ሲተኙ ትከሻና ዳሌ ይጫናል፣ ወገብ ግን አየር ላይ ይንጠለጠላል። የሰመጠ ፍራሽ ላይ ደግሞ ወገብ ይጎብጣል። የሚፈለገው ዳሌና ትከሻ ትንሽ ገባ የሚሉበት፣ ወገብ ግን ድጋፍ የሚያገኝበት ነው።

በጎን የሚተኛ ሰው ትንሽ ለስለስ ያለ ይስማማዋል። በጀርባ የሚተኛ መካከለኛ፣ ከበድ ያለ ሰው ደግሞ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ያስፈልገዋል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ ግን ነገሩ የፍራሽ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ትኋን ገባበት። መጣል አለብኝ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ፍራሹን ቢጥሉም ትኋኑ በአልጋው መጋጠሚያ፣ በግድግዳው ስንጥቅና በሥዕሉ ጀርባ ይቀራል። አዲስ ፍራሽ ሲመጣ ተመልሶ ይወጣል። ሰው ገንዘቡን ከስሮ ችግሩን እንደያዘ የሚቀረው እንዲህ ነው። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል፣ ስለዚህ ቤቱን ለሳምንት ዘግቶ መሄድም አያጠፋውም።

የሚሠራው ሙቀትና ትዕግሥት ነው። በባትሪ እያበሩ የፍራሹን ስፌት ይከተሉ። ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቆዳና ነጭ እንቁላል የሚገኘው እዚያ ነው። በጠንካራ ብሩሽ ይጥረጉት። አንሶላና ልብሱን በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ። የአልጋውን መጋጠሚያ ፈትተው የፈላ ውሃ ያፍስሱበት። ከዚያ ፍራሹን በዚፕ ሙሉ በሙሉ በሚዘጋ ልብስ ውስጥ ያስገቡትና ለአንድ ዓመት አይክፈቱት። ውስጥ የቀረው እዚያው ያልቃል። አልጋውን ከግድግዳ ያርቁት። ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ይደጋግሙ። አንድ ቀን አጽድቶ መተው ዋጋ የለውም።

ነጭ ጋዝ፣ ለእህልና ለሰብል የሚረጭ መድኃኒት ፍራሽ ላይ አይርጩ። ሰዎች በጭንቀት እንደሚያደርጉት ይገባኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ አፍንጫውን ደፍቶ ስምንት ሰዓት የሚተነፍሰው እዚያው ላይ ነው። ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በሽታ ማስተላለፉ ግን አልታወቀም። መርዙ ግን በእርግጥ ይጎዳል።

ልጅ ሸናበት። ምን ላድርግ?

ውሃ አይድፉበት። ሽንቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በደረቅ ፎጣ ተጭነው ይምጠጡት። አቼቶ በውሃ አቅጥነው ትንሽ ይርጩበት፣ እንደገና ይምጠጡ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው ሲደርቅ ይጥረጉት። ከዚያ ነፋስ ላይ ይቁም። አንድ ሁለቴ የተሸናበት ፍራሽ በዚህ ይድናል። ለዓመታት የተሸናበት፣ ሲሞቅ የሚሸት ፍራሽ ግን አይድንም። ልጁ ትምህርት ቤት ሽታውን ይዞ እንዳይሄድ ሲባል እንኳ ይቀየር።

ለሕፃን የእኛን አሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ባደርግለትስ?

አያድርጉ። ሕፃን የሚተኛበት ቆፍጠን ያለና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። የእናትና የአባት ክብደት ያላላው ስፖንጅ ለአዋቂ ምቹ መስሎ ለሕፃን አደጋ ነው። ፊቱ ሰምጦ አየር ሊያጣ ይችላል። ፍራሹ ከሕፃን አልጋው ጋር ልክክ ይበል፣ በዳር በኩል ሁለት ጣት ካስገባ ሰፍቷል። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይኑር።

ያገለገለ ፍራሽ ልግዛ?

የሚያውቁት ሰው ከሆነ፣ ዕድሜውን ካወቁ፣ የመጥረጊያ እንጨቱን ፈተና ካለፈ፣ ስፌቱም ንጹሕ ከሆነ ይቻላል። ከማይታወቅ ቦታ ግን እመክራለሁ ማለት አልችልም። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፣ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ አዲስ የገባ ሰው መንገድ ዳር የተጣለ ደህና የሚመስል ፍራሽ ሲያይ ማንሳት ያምረዋል። ብዙ ጊዜ የሚጣለው በትኋን ምክንያት ነው። ከፎቅ ቤት ትኋንን ማስወጣት ከአዲስ ፍራሽ ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ ከአከራይም ያጣላል።

ሜሞሪ ፎም ከውጭ አመጣሁ፣ ግን ማታ ማታ ጣውላ ይሆናል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሜሞሪ ፎም እ.ኤ.አ. በ1966 ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ የአውሮፕላን ወንበር ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ባሕርዩ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። አዲስ አበባ በነሐሴ ማታ፣ ክፍሉም ማሞቂያ ከሌለው፣ ሲተኙበት ቢጠነክር አይገርምም። ሰውነትዎ ሲያሞቀው ይለሰልሳል። ድሬዳዋ ላይ ያው ፍራሽ ተቃራኒውን ያደርጋል። ይለሰልሳል፣ ያልብዎታል። ለቆላ ቤት ሜሞሪ ፎም ባይገዙ ይሻላል።

ስለዚህ ያለቀ መሆኑን ሲፈትኑ ቀን፣ ክፍሉ ሲሞቅ ይፈትኑት። ሞቆም የሰውነት ቅርጽ ከያዘና ካልተመለሰ ያኔ አልቋል።

ዋስትናው 10 ዓመት ይላል። 10 ዓመት እተኛበታለሁ ማለት ነው?

አይደለም። ዋስትናው የሚሸፍነው የአሠራር ጉድለትን ነው። ምቾት ማጣትን አይሸፍንም። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ዋስትና ማንም ሳይተኛበት ከ2.5 እስከ 3.8 ሳንቲ ሜትር ካልጎደጎደ ጥያቄዎን አይቀበልም። ፍራሹ ላይ እድፍ ከተገኘ ወይም ትክክለኛ ድጋፍ የሌለው አልጋ ላይ ከተቀመጠም ውድቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ልብስ ያልብሱት፣ ደረሰኝና በፍራሹ ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ ይጠብቁ። አገር ቤት ሲገዙም ዴንሲቲው ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ቁጥር ሲከራከሩበት አይገኝም።

የፍራሹ ዚፕ ይከፈታል። አውልቄ ላጥበው?

አገር ቤት የተሠራ ስፖንጅ ከሆነ አዎ፣ የሚወልቅ ልብስ ከሆነ ይታጠብ። አሜሪካ የተገዛ ወይም ከዚያ የተላከ ርካሽ ሜሞሪ ፎም ከሆነ ግን መጀመሪያ የተሰፋበትን ጽሑፍ ያንብቡ። “ፋይበርግላስ” ወይም “ግላስ ፋይበር” የሚል ካለ፣ ወይም ልብሱን አታውልቁ ካለ፣ አይንኩት። እሳትን ለመከላከል ተብሎ ከሥር የተደረገ የመስታወት ክር አለ። ልብሱ ሲወልቅ ብናኙ በቤቱ ሁሉ ይበተናል፣ ቆዳን ይወጋል፣ ዓይንና ሳንባ ይቆጠቁጣል። ከምንጣፍና ከልብስ ማስለቀቁ ጭንቅ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ፋይበርግላስ በፍራሽ ውስጥ እንዳይገባ በሕግ ከልክላለች።

ፍራሽ በ10 ዓመት ውስጥ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

በተባይና በቆሻሻ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል የሚለው ወሬ በብዙ ቋንቋ ይዞራል። ማስረጃ የለውም። የአቧራ ተባዮች በእርግጥ አሉ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ይበላሉ፣ አለርጂም ያስነሳሉ። ፍራሽን እጥፍ አድርገው የሚያከብዱ ግን አይደሉም። አለርጂ ያለበት ሰው ፍራሹን በሚዘጋ ልብስ ቢሸፍንና አንሶላውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ቢያጥብ በዚህ ወሬ ደንግጦ ፍራሽ ከመቀየር የበለጠ ይጠቀማል።

አሮጌውን ምን ላድርገው?

ግቢ ውስጥ አያቃጥሉት። ስፖንጅ ሲቃጠል ሳያናይድ ያለበት መርዛማ ጭስ ያወጣል። ለጎረቤት ሕፃናትም ይተርፋል። ከጥጎቹ ያልጎደጎደውን ቆርጠው ለመከዳና ለትራስ ይጠቀሙበት። የስፕሪንጉን ብረት ቆራሌው ይገዛዎታል። ንጹሕ ቁርጥራጭ ስፖንጅ ትራስ ለሚሞሉ ሰዎች ይፈለጋል። ትኋን ያለበትን ግን ለማንም አይስጡ፣ ቀዳደው ይጣሉት።

አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ፣ በኮነቲከት፣ በሮድ አይላንድና በኦሪገን ግዛቶች የምትኖሩ ደግሞ አዲስ ስትገዙ የመልሶ መጠቀሚያ ክፍያ ትከፍላላችሁ። አሮጌውን ወደ መቀበያ ጣቢያ ስትወስዱ ስለዚህ በነፃ ይቀበሏችኋል።

ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛ አለን። የፍራሽ ዕድሜ ለሱ ይለያል?

በጣም ይለያል። ቀን ከሌት የሚተኛ ሰው ፍራሽ ከሌላው በሦስት እጥፍ ጊዜ ይጫናል። የጎደጎደ ስፖንጅ ላይ የተኛ በሽተኛ የጀርባው አጥንት፣ ዳሌውና ተረከዙ ከርብራቡ ጋር ይገናኛል። የመኝታ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። እጅዎን ከፍራሹ ሥር፣ ከዳሌው በታች ያስገቡ። ስፖንጁን አልፎ የሰውየው አጥንት ከተሰማዎት ፍራሹ ዛሬ ይቀየር።

አዲስ ፍራሽም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት፣ ቆዳውን ይዩ። ተጭነው ሲለቁት የማይጠፋ መቅላት፣ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ወይም የሚሞቅ ቦታ ካዩ ቁስሉ እየመጣ ነው። በኤሌክትሪክ አየር የሚሞላ ፍራሽ ከሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ቤተሰቡ አቅም ካለው ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም።

ሁሉንም ባንዴ መቀየር አልችልም። ከማን ልጀምር?

ታማሚ ካለ ከሱ። ከዚያ አረጋውያንና ነፍሰ ጡር። ቀጥሎ የቤቱን ኑሮ በጉልበቱ የሚሸከመው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ወይም ተሸክሞ የሚውለው ሰው። ልጆች ቀላል ስለሆኑ ፍራሻቸው ብዙ ይቆያል። የእንግዳ ፍራሽ የመጨረሻው ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ይሆናል። አዲሱ ለእንግዳ ክፍል ይገባል፣ እናት አሮጌው ላይ ትቀራለች። እባካችሁ እናትን አስቀድሙ።

ገንዘቡ ካጠረ ደግሞ ውፍረቱን ቀንሰው ዴንሲቲውን ይጨምሩ። 15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ዴንሲቲው 30 የሆነ ፍራሽ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 16 ከሆነው በእጅጉ ይበልጣል። አልጋ ላይ ሲታይ ያንሳል፣ ዓመት አልፎ ሲተኙበት ግን ወገብዎን ደግፎ ያገኙታል።